ለኤችአይቪ ተጋልጫለሁ ብሎ ለሚጨነቅ ተማሪ ምን እንመልስ? መቼስ ይመርመር?

የግቢ ጤና ክበብ

ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ባለው የፀረ ኤድስ ክበብ የአቻ ለአቻ ምክር የምንሰጥ ተማሪዎች ነን። በተለይ ከበዓልና ከምረቃ ሰሞን በኋላ እንቅልፍ ያጡ፣ ምግብ አልወርድ ያላቸው ልጆች ይመጡብናል። ኮንዶም ተቀደደብኝ የሚል አለ፣ ጠጥቼ ስለነበር አላስታውስም የሚል አለ፣ ፀጉር ቤት ማሽን ቧጠጠኝ የሚልም አለ። ለሁሉም «ሦስት ወር ጠብቅና ተመርመር» ብለን እንሸኛለን። አንዳንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ተመርምሮ ነፃ ነኝ ብሎ ይደሰታል፤ ጓደኛው «ገና ነው፣ አሁን አይታይም» ሲለው ከበፊቱ ብሶበት ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ሦስት ወር አልፎት ነፃ ከተባለም በኋላ መመርመሩን አያቆምም።

የትኛው ምርመራ በስንት ቀን ይታመናል? ፔፕ የሚባለው መድኃኒት ለማን ነው፣ የትስ ይገኛል? በራስ የሚደረገው የአፍ ምርመራ ያስተማምናል? እስኪመረመሩ ድረስ ጭንቀቱን እንዴት ይቻሉት? በሙያው ያላችሁ በዝርዝር ብትጽፉልን ለክበቡ አባላት በሙሉ እናነበዋለን።

ሲስተር፣ ኤአርቲ ክፍል

በርቱ ልጆች። «ሦስት ወር ጠብቅ» የሚለውን ወደ ኋላ አቆዩት። አንድ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ «መቼ ነው የሆነው?» በሉት፤ መልሱንም በሰዓት ቁጠሩት። 72 ሰዓት ካልሞላ ሌላው ምክር ሁሉ ይቆይ፤ ልጁ አሁኑኑ ጤና ተቋም ይሂድ። ፔፕ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ሥር ሳይሰድ ለማስቀረት ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ነው። እስከ 72 ሰዓት ይጀመራል ቢባልም በሁለተኛው ሰዓት መጀመርና በሰባኛው ሰዓት መጀመር እኩል አይደለም። ቅዳሜ ማታ የተጋለጠ ልጅ «ሰኞ ክላስ ጨርሼ እሄዳለሁ» ካለ ከግማሽ በላይ ጊዜው ሄዷል፤ ማክሰኞ ማታ ደግሞ በሩ ይዘጋል።

የሚሄደው የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ወደሚሰጥ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። ማታና በሰንበት ኤአርቲ ክፍል ዝግ ስለሚሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ «ለኤችአይቪ ተጋልጫለሁ፣ ፔፕ ፈልጌ ነው» ይበል። ካርድ ክፍል ላይ ምክንያቱን መዘርዘር አይጠበቅበትም፤ «ለሐኪሙ ነው የምናገረው» ማለት ይበቃል። ፔፕ በመርፌ ለተወጋ ባለሙያ ብቻ የሚሰጥ የሚመስለው ተረኛ ሊያጋጥም ይችላል። ያኔ ኤአርቲ የሚሠራ ባለሙያ እንዲጠራ መጠየቅ ወይም ሌላ ሆስፒታል መሄድ ነው እንጂ ዶርም ተመልሶ መተኛት አይገባም። ከክበቡ አንድ ሰው አብሮት ቢሄድ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ብዙዎቹ ከበር የሚመለሱት በእፍረት ነው።

ተገዳ የተደፈረች ተማሪ ከሆነች የሰውነት መታጠቡም ልብስ መቀየሩም ይቆይ። በአንድ ቦታ ሕክምና፣ የምክርና የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል አንዱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መንገዱ ነው፦ ምን ነክቶ ምን ውስጥ ገባ? ፍርሃት የአደጋውን መጠን አይነግረንም። ሳይታከም ከቫይረሱ ጋር ከሚኖር ሰው ጋር ያለ ኮንዶም አንድ ጊዜ በብልት ግንኙነት ቢደረግ፣ ለሴቷ የመያዝ ዕድሉ ከ10,000 ወደ 8፣ ለወንዱ ከ10,000 ወደ 4 ይገመታል። በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ለተቀባዩ ወደ 138 ይወጣል። ቫይረሱ ባለበት ደም በተበከለ መርፌ መወጋት ደግሞ ወደ 23 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሌላኛው ሰው ቫይረሱ እንዳለበት ወስደው የተሰሉ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአዋቂዎች ዘንድ ያገኘው ስርጭት 0.9 በመቶ ነበር፤ ከተማ ላይ 2.9፣ ገጠር ላይ 0.4። ቁጥሩን የምነግራችሁ ልጁ «አለቀልኝ» ከሚለው ስሜት እንዲወጣ ነው፤ ምርመራውን እንዲተው አይደለም። ቁስል ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ ካለ፣ ወይም ሌላኛው ሰው ገና በቅርቡ ተይዞ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የበዛበት ጊዜ ከሆነ ዕድሉ ይጨምራል።

ሌላኛው ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህን እየደጋገማችሁ አስተምሩ። ሕክምና ላይ ያለን ሰው እየፈሩ ተመርምሮ ከማያውቅ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም መተኛት የተገላቢጦሽ ነው።

ስለ ፀጉር ቤቱ፦ ለዓመታት «ስለታማ ነገሮች» እየተባለ ስለተማርን ይህ ፍርሃት ከሁላችንም ጋር አድጓል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጪ ቶሎ ይዳከማል። ማሽን ቆዳ ስለቧጠጠ ፔፕ አይጀመርም። ምላጭ በጋራ መጠቀም ለሄፓታይተስ ቢም ስለሚያሰጋ ይቅር፤ ግን ለዚህ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ በልበ ሙሉነት ሊረጋጋ ይገባል። በጉርሻ፣ በምራቅ፣ በላብ፣ በሽንት ቤት መቀመጫና በትንኝ አይተላለፍም።

ላብራቶሪ ቤት

ሲስተር እንዳሉት ነው። ስለ ምርመራው እኔ ልጨምር።

ጤና ጣቢያ ከጣት ጠብታ ደም የሚወሰድበት ራፒድ ቴስት በአብዛኛው ፀረ እንግዳ አካልን፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን፣ ነው የሚፈልገው፤ ቫይረሱን ራሱን አያይም። ሰውነት ይህን ለመሥራት ጊዜ ስለሚፈጅበት በዚህ ዓይነት ምርመራ የሚታየው ከተጋለጡ ከ23 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከደም ሥር ተቀድቶ በማሽን የሚሠራው፣ ኮምቦ ወይም አራተኛ ትውልድ የሚባለው፣ የቫይረሱን አካል ጭምር ስለሚፈልግ ከ18 እስከ 45 ቀን ውስጥ ይይዘዋል። ትልልቅ የግል ላብራቶሪዎች ጋ የሚሄድ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት «ኮምቦ ነው ወይስ ፀረ እንግዳ አካል ብቻ?» ብሎ ይጠይቅ። የመጠበቂያው ቀን በዚህ መልስ ይለያያል። ስድስት ወር ጠብቅ የሚለው ምክር ከአሮጌዎቹ ኪቶች (መመርመሪያዎች) ዘመን የተረፈ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት የተሠራ ኔጌቲቭ ምን ይላል? ከዚህ ክስተት በፊት ልጁ ነፃ እንደነበር ይናገራል። ስለ ሰሞኑ ገና ምንም አይልም። ይህን ከምርመራው በፊት ንገሩት፤ በኋላ ከጓደኛ ሲሰማው ነው የሚወድቀው። ቢሆንም የመጀመሪያው ምርመራ አይቅር፤ ፔፕ ለመጀመርም የግድ ነው። ቀጥሎ በ6 ሳምንት፣ የመጨረሻው በ3 ወር ይሠራ። በ6 ሳምንት የወጣ ኔጌቲቭ በጣም የሚያበረታታ ነው፤ የ90 ቀኑ ፋይሉን ይዘጋል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከመጨረሻው አጋጣሚ ነው። በመሃል ሌላ ያልተጠነቀቁበት ግንኙነት ካለ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

በአንድ ኪት ብቻ «ፖዘቲቭ ነህ» አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው በተለያዩ ሦስት ኪቶች በተከታታይ ምላሽ ሲታይ ብቻ ፖዘቲቭ እንዲባል ነው። የመጀመሪያው ኪት መስመር አሳይቶ ሁለተኛው ኪት ካላሳየ ውጤቱ ያልተለየ ስለሆነ ልጁ በቀጠሮ ተመልሶ ይመረመራል። በዚያ ሰዓት ከክፍሉ ሮጦ እንዳይወጣ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል። ሕክምና ከመጀመሩ በፊትም እንደገና ይረጋገጣል።

ውጤቱን የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የደሙ መጠን ማነስ፣ የፈሳሹ ጠብታ መብዛት ወይም ማነስ፣ ጊዜው ያለፈበት ኪት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰዓቱ ውጪ ማንበብ። ስታት ፓክ የሚባለው ኪት ለምሳሌ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይነበባል። ደርቆ ከቆየ በኋላ የሚወጣ ጥላ ውጤት አይደለም።

በአፍ ፈሳሽ ራስን መመርመሪያው (ኦራኩይክ) ሲሠራ ከ15 ደቂቃ በፊት ምግብም መጠጥም ማስቲካም አይወሰድ፤ ጥርስ ከተቦረሸ 30 ደቂቃ ይቆይ። ጠፍጣፋውን ጫፍ በጣት ሳይነኩ የላይኛውን ድድ አንዴ፣ የታችኛውን ድድ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ማስኬድ፤ ጉንጭና ምላስ አይደለም የሚጠረገው። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ማቆምና ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ማንበብ። መሣሪያው ላይ «ሲ» እና «ቲ» የሚሉ ፊደላት አሉ፤ «ሲ» ላይ መስመር ከሌለ ምርመራው አልሠራም፤ ይጣል። «ሲ» ላይ ብቻ ካለ ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱም ላይ ካለ፣ «ቲ» የደበዘዘች እንኳ ብትሆን፣ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያ ብቻውን ፖዘቲቭ አያሰኝም። ኔጌቲቩ የሚታመነው ከ3 ወር በኋላ ነው። ፔፕ ላይ ያለ ወይም ኤአርቲ የሚወስድ ሰው በዚህ መሣሪያ አይመርመር፤ ሊያሳስተው ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ፦ እጅግ የተጨነቀ ልጅ ብቻውን በሩን ቆልፎ አይሥራው። እናንተ አጠገቡ ሁኑ፣ ሰዓቱን እናንተ ያዙ።

ተረኛ ፋርማሲ

ስለ ፔፕ መድኃኒቱ። አሁን በብዛት የሚሰጠው ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም በአንድ ፍሬ ውስጥ ያሉበት ነው። በቀን አንድ ፍሬ፣ 28 ቀን። በምግብም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ስለዚህ የሚጾም ልጅ ጾሙን ሳይፈታ ማታ ማታ፣ ለምሳሌ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ሊወስድ ይችላል፤ በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ። ጸበል የሚጠጣም መድኃኒቱን አያቋርጥ። የማቅለሽለሽ፣ የራስ ምታትና የእንቅልፍ መረበሽ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሊኖር ይችላል፤ እንቅልፍ ከነሳው ወደ ጠዋት ማዞር ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የጨጓራ መድኃኒቱን ጉዳይ ነው። ጭንቀት ጨጓራ ያስነሳል፣ ልጁ ከሱቅ የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ ማስታገሻ ይገዛል። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት ማስታገሻ ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ፍሬውን ከማስታገሻው 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መውሰድ ያስፈልጋል። አይረንና ካልሲየምም እንደዚያው ናቸው፤ ከምግብ ጋር ከተወሰዱ ግን አብሮ መዋጥ ይቻላል። የቲቢ መድኃኒት (ሪፋምፒሲን) የሚወስድ ካለ ለሐኪሙ ይናገር፤ መጠኑ ይቀየራል። የኩላሊት ችግር ያለበትም እንዲሁ።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አብሮ ይሠራ። ከሦስቱ ሁለቱ መድኃኒቶች ሄፓታይተስ ቢንም ስለሚያፍኑ፣ ያ ቫይረስ ያለበት ሰው 28 ቀን ወስዶ በድንገት ሲያቆም ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል። ነፃ ከሆነ ክትባቱን ይጀምር። ቂጥኝና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችም ይታዩ።

ሌላው በየቀኑ የምናየው፦ ፖስትፒል ሊገዙ በጠዋት የሚመጡ ጥንዶች። እርግዝናውን አስበው መጥተዋል፣ ኤችአይቪውን ግን አላሰቡትም። ክበባችሁ ስለ ፖስትፒል በሚያወራበት ሁሉ ፔፕን አብሮ ያንሳ፤ የሁለቱም ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያው ሌሊት ነው። ፖስትፒል ከኤችአይቪ በፍጹም አይከላከልም።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ

ጭንቀቱን በተመለከተ። መጀመሪያ የምልክቱን ነገር እንጨርሰው። የመጀመሪያው የኤችአይቪ ሕመም ከመጣ በአብዛኛው ከተጋለጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይመጣል፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ የእጢ ማበጥ፣ የሰውነት ቁርጥማት። ይህን ጉንፋንም፣ ወባም፣ ታይፎይድም ያመጣዋል። ምንም ሳይታመም የሚያዝም አለ። ስለዚህ በምልክት መያዝንም ነፃ መሆንንም መለየት አይቻልም። በማግስቱ የሚጀምር ተቅማጥ፣ የአፍ መድረቅ፣ የልብ ምት፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የሌሊት ላብ የጭንቀት ሥራ ነው። ሳይበሉ ሁለት ሳምንት የቆዩ ልጆች ኪሎ ይቀንሳሉ፣ ያንንም እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል።

እጢ መፈተሽን በተለይ አስቁሟቸው። አንገትና ብብት በቀን ብዙ ጊዜ ሲጫኑት ያማል፣ ያብጣልም፤ ያበጠውን አግኝተው ደግሞ ይደነግጣሉ።

እስከ ምርመራው ላለው ጊዜ ሦስት ነገር እንዲያደርጉ አግዟቸው። የምርመራውን ቀንና ቦታ በወረቀት ይጻፉት፤ «መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ አእምሮ ሌሊቱን ሙሉ አያሰላውም። ኢንተርኔት ላይ ምልክት መፈለግን ያቁሙ። ጭንቀቱን ቀኑን ሙሉ ከመታገል ደግሞ በቀን አንድ 20 ደቂቃ ይስጡት፣ ለምሳሌ ከ11 ሰዓት እስከ 11:20፤ ከዚያ ውጪ ሲመጣ «በሰዓትህ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሳካም፣ እየዋለ ይሠራል። ልብ ሲመታ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ለ5 ደቂቃ። ጫትና ቡና በዚህ ሰሞን ይቀነሱ፤ የልብ ምቱን ራሳቸው ያመጡታል። መጠጥ ለዛሬ ያስተኛና ለነገ ጭንቀቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ብዙ ጊዜ ከኤችአይቪው ፍርሃት ሥር ጸጸት አለ። በእምነቱ ያፈረ፣ ፍቅረኛውን የከዳ፣ ለወላጆቹ መልስ ያጣ ልጅ ቅጣቱን እየጠበቀ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ቁጥር አያረጋጋውም፤ ስለ ጸጸቱ ለብቻው የሚያወራበት ሰው ያስፈልገዋል፣ የንስሐ አባቱም ሊሆኑ ይችላሉ።

መሞትን የሚያነሳ፣ ዕቃውን ለጓደኞቹ የሚያከፋፍል፣ «ፖዘቲቭ ከሆንኩ አልኖርም» የሚል ካለ ቀጠሮ አትስጡት። ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የግቢ ጤና ክበብ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ነው የጠቀማችሁን። ሁለት ነገር ቀረን። ሦስት ወር አልፎት፣ ኔጌቲቭ ተብሎ፣ አሁንም ሌላ ክሊኒክ የሚሄደውን ምን እናድርገው? ፔፕ የወሰደ ልጅስ 90 ቀኑን ከየት ይቁጠር? ፍሬ ከረሳስ?

የአእምሮ ጤና ባለሙያ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። አዲስ አጋጣሚ ከሌለ፣ በትክክለኛው ጊዜ የወጣ ኔጌቲቭ የመጨረሻ ነው። ተጨማሪ ምርመራ ለሁለት ቀን ያረጋጋዋል፣ ከዚያ «ኪቱ ተበላሽቶ ቢሆንስ?» ይመጣል፤ በተመረመረ ቁጥር ጥርጣሬው ይጠነክራል። ስለዚህ «አይዞህ፣ ነፃ ነህ» እያላችሁ አትደጋግሙለት። አንድ ጊዜ በደንብ አስረዱት፣ ከዚያ «ይህን ጥያቄ መልሰነዋል፤ አሁን የሚያስቸግርህ ጭንቀቱ ነው፣ ለእሱ እርዳታ አለ» በሉት። ወራት ከዘለቀና ትምህርቱን ካደናቀፈ በንግግር ሕክምናና እንደ ፍሉኦክሴቲን ባሉ መድኃኒቶች በደንብ የሚታከም ሕመም ነው። ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፤ አዲስ አበባ ላለ አማኑኤል አለ።

ከገልፍ

እዚህ ላሉት ወገኖቻችንም አንድ ቃል። በገልፍ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ የጤና ምርመራ ውስጥ ኤችአይቪ አለበት፤ ፖዘቲቭ የተባለ የውጭ ዜጋ ከአገር ይወጣል። ሰው ምርመራ የሚሸሸው ለዚህ ነው። ግን መሸሹ የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ፈቃዱ ሲታደስ መታየቱ አይቀርም፣ እስከዚያ ሰውነት ይጎዳል። ለእረፍት አገር ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ እዚያ በነፃና በምስጢር ቢመረመር፣ ምንም ቢወጣ ሕክምናውንና ሥራውን የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል።

ሲስተር፣ ኤአርቲ ክፍል

ከገልፍ የጻፉት ልክ ናቸው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ መድኃኒቱ በነፃ ነው። ዛሬ ፖዘቲቭ የተባለ፣ ዝግጁ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሊጀምር ይችላል፤ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ይህን ለተማሪዎቹ ከምርመራው በፊት ንገሯቸው። እንዲሁም 15 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ፈቃድ ይመረመራል፣ ውጤቱ ለወላጅም ለግቢውም አይነገርም። የግቢው ክሊኒክ ሰው ያየኛል የሚል በሌላ ክፍለ ከተማ ወይም ከተማ ጤና ጣቢያ መመርመር ይችላል።

ፔፕ የወሰደ ቆጠራውን ከመጨረሻዋ ፍሬ ቢጀምር ይሻላል፤ መድኃኒቱ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚታይበትን ጊዜ ሊያዘገየው ይችላል። የረሳ ሰው እንዳስታወሰ ይውሰድ፣ በሚቀጥለው ግን ሁለት ደርቦ አይዋጥ። ከመጨረሻው ፍሬ 48 ሰዓት ካለፈ በራሱ ከመቀጠል በፊት ክሊኒኩ ይመለስ፤ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን እዚያ ነው የሚወሰነው። 28ቱ ቀን ሳይሞላ «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ማቆም ነው በብዛት የሚያጋጥመን። ብልቃጡን ከዶርም ጓደኞቹ መደበቅ ለሚፈልግ የአንድ ሳምንቱን ፍሬ በሌላ ንጹህ፣ ደረቅና ክዳኑ በሚገጥም ትንሽ ዕቃ ማዞር ይችላል፤ የቀረው በራሱ ብልቃጥ፣ ከነእርጥበት መጣጩ ይቀመጥ። ኮንዶም ደግሞ የ3 ወሩ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ በእያንዳንዱ ግንኙነት።